የታደለ ቀኝ እግር

ሲፈን የምትቀባኝ ቅባት ሽታው ስለታም ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ዓይን ያስለቅሳል። ወድቄ ዳሌዬ ተሰብሮ፣ ብረት ገብቶልኝ ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ይቺ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ቀራንዮ ድረስ እየመጣች እግሬን ታሠራልኛለች። ፊዚዮቴራፒስት ናት። ሳቂታ ናት፤ እናቷ ስትደውልላት በኦሮምኛ አጣድፋ ታወራና ወዲያው በአማርኛ ይቅርታ ትለኛለች። ባለፈው ማክሰኞ በጎኔ አስተኝታ፣ መዳፏን ዳሌዬ ላይ አሳርፋ፣ «እማማ፣ ይሄ ግሉቲየስ ሚዲየስ ይባላል። እሱ ነው የደከመብዎት። እስቲ እግርዎን ወደ ላይ ያንሱ» አለችኝ።

አነሳሁት። እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠብኝ።

«እኛ ሚዛን ነበር የምንለው» አልኳት።

«እናንተ እነማን?»

መልሱ ረጅም ነበር። እሷ ቅባቱን ጨምራ ማሸት ጀመረች፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ስጨፍን ቀራንዮ የለችም፤ ከመስኮቴ ፊት ለፊት የሚገነባው ባለ ስምንት ፎቅ የለም፤ የሲሚንቶ ማቡኪያው ድምፅ የለም። ሃያ ዓመቴ ነው፤ ሽቅብ የተበጠረ ፀጉር አለኝ፤ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ እንጨት ወለል ያለው ረጅም ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ይኸው ሽታ ከግድግዳውም ከአንሶላውም ይወጣል።

ያኔ ኮልፌ ከተማም ነበረች፣ ገጠርም ነበረች። ከአጠና ተራ የሚመጣው የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ጠዋት ጠዋት ቤታችን ድረስ ይገባል። ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ አንዱን ጫማ በእጅ ይዞ በአንድ እግሩ የሚዘል ሰው ማየት ብርቅ አልነበረም። ወንዶቹ ከታች መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው፣ አፍሯቸውን በእጃቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ ከሙዚቃ ቤቱ በር አይጠፉም፤ ድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ ስለ ዓይን፣ ስለ ወገብ፣ ስለ ናፍቆት የተዘፈነውን ይለቀዋል። አውቶቡስ አሥር ሳንቲም ነበር። ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ይገዛና በጋዜጣ ይጠቀለላል፤ ዘይቱ ጋዜጣውን ሲያርሰው ፊደሉ ጣት ላይ ይታተማል። በዚያ ጊዜ አገሩን ማን ይገዛ እንደነበር ሌሎች በደንብ ጽፈውታል፤ እኔ የማስታውሰው የጨርቁን ቀለም ነው። ብርቱካናማ፣ ቡኒ፣ የበሰለ ሎሚ የመሰለ ቢጫ። አሁን የልጅ ልጆቼ ያንኑ ቀለም ለብሰው መጥተው አዲስ ፋሽን ነው ይሉኛል፤ አልከራከራቸውም።

እኔና እማዬ ብቻችንን ነበርን። አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው። ሆስፒታሉ የእግርና የእጅ ማሠልጠኛ ክፍል ረዳቶችን ሲፈልግ አስተምሮ እንደሚቀጥር ሰምቼ አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። እማዬ ሥራ ማግኘቴ አስደስቷታል፤ የት እንደሆነ ስትሰማ ግን ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። ዘነበወርቅ ያኔ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል በመሆኑ ሰው የሰፈሩን ስም ሲጠራ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ መሀል ከተማ ሆስፒታል ተቀጠረች» አለች። እኔም ውሸቱን አብሬ ተሸከምኩ። ጠዋት ሰው እያየኝ ወደ መሀል ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ሁለት ፌርማታ ሄጄ እወርድና በሜዳው አቋርጬ በእግሬ ወደ ዘነበወርቅ እመለሳለሁ። ማታ ስገባ እማዬ በር ላይ ሳፋ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። ልብሴን ለውጬ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ ነው የምገባው። የምጠጣበት ብርጭቆ ለብቻው ነበር፤ ትልቅ ነገር አድርገን አናወራውም፤ ለብቻው ብቻ ነበር።

ያሠለጠኑን አቶ ደምሴ የሚባሉ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸው ሁልጊዜ በጀሶ ዱቄት የነጣ። የእግርን ነገር የተማሩት ከውጭ አገር ሐኪሞች ነው፤ እኛን ግን በባዕድ ስም አላስጨነቁንም። «ስሙን ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሥራውን ግን በእጃችሁ ካላወቃችሁት አታውቁትም» ይሉን ነበር። አግዳሚ ላይ አስቀምጠውን፣ እጃችንን ብሽሽታችን ላይ አስደርገው፣ «ጉልበታችሁን አንሱ» ይላሉ። ከመዳፋችን ሥር የሆነ ገመድ ይወጠራል። «ይሄ ጎታች ነው። ደረጃ የምትወጡት በሱ ነው።» ከጭን ፊት ያሉት አራቱ ወንድማማቾች ተባሉ፤ አራቱም ከጉልበት ሎሚ ላይ ተጋግዘው እግርን ያቀናሉ። ከኋላ ያለውን ቋንጃ ድሮም እናውቀዋለን፤ ባትንም እናውቃለን። ከዳሌ ጎን ያለውን ለማስተማር በአንድ እግራችን ያቆሙናል። «አሁን ወገባችሁ ወደ ጎን ያልወደቀው ለምንድን ነው? ሚዛን ይዞት ነው። እሱ ሲደክም ሰውየው በየእርምጃው እንደ ዳክዬ ይወዛወዛል።»

አንድ ቀን ደግሞ ሁላችንንም ይዘውን ኮልፌ የሚያውቁት ሉካንዳ ቤት ሄዱ። ባለ ሉካንዳው የተሰቀለውን የበሬ ኋላ እግር ዞር እያደረገ ታላቁን፣ ታናሹን፣ ሽንጡን በቢላዋ ጫፍ ያሳየናል፤ አቶ ደምሴ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ላይ የት እንደሚገኝ በራሳቸው ጭን ላይ ያመለክታሉ። ሥጋ ሊገዙ የመጡ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ። እኔ ግን የዚያን ቀን ነው ሥጋ እንደ እንጨት አንድ ነገር እንዳልሆነ የገባኝ፤ ክር በክር ላይ የተኛ፣ እያንዳንዱ የየራሱ መነሻና መድረሻ ያለው መሆኑ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲራመድ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። እስከ ዛሬም አልቻልኩም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የሰውን ዳሌ ስከተል ልጆቼ ያፍሩብኛል።

ታደለን የሰጡኝ በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ከሸዋ፣ ከአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው፤ ከንፈሩን ነክሶ የሚስቅ፣ ቁልፍ የጎደለው ልብስ ካየ መርፌ ሳይፈልግ የማያልፍ። በሽታው ታክሞ ድኗል፤ መድኃኒቱን ጨርሷል፤ ለማንም አያስተላልፍም። ጥሎበት የሄደው ግን ከባድ ነበር። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል፤ ቀኝ እግሩ ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ተንጠልጥሏል። ከጉልበት ጎን የምታልፈው ነርቭ ስትሞት እግርን ወደ ላይ የሚያነሱት የቅልጥም ጡንቻዎች አብረው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ታደለ ሲራመድ መሬቱ እንዳያደናቅፈው ጉልበቱን በጎታች ብቻ ከፍ አድርጎ ያነሳል፤ ከዚያ እግሩ መሬት ላይ ይወድቃል። ጧ ይላል። ሌላ እርምጃ፣ ጧ። «እኔን ሰው ከማየቱ በፊት ይሰማኛል» ብሎኛል። «ልጆች መምጣቴን ከሩቅ ሰምተው ነው የሚሸሹት። የልብስ መኪናውንም ፔዳል በዚህ እግሬ መርገጥ አቃተኝ። ሰው ራቀኝ፣ ሥራም ራቀኝ፤ አንድ ቀን ሳልሰናበት ወጣሁ።»

ሐኪሙ ያደረገው ነገር አሁንም ሳስበው ይገርመኛል። ከቅልጥም አጥንት ጀርባ፣ ከባት ሥር ተሸፍኖ የሚኖር አንድ ጡንቻ አለ፤ አቶ ደምሴ ድብቁ ይሉታል። ሥራው የውስጥ እግርን ወደ መሀል ማዞር ነው። በሽታው እሱን አይነካውም። ሐኪሙ የድብቁን ጅማት ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ፈትቶ፣ ወደ ፊት አዙሮ፣ እግር ጀርባ ላይ ሰፋው። ታደለ ሥራውን ሲያስረዱት ሳቀ። «ልጥፍ አደረጉልኝ በሉኛ! ከማይፈለግበት ቆርጦ ቀዳዳው ላይ።» ሳምንታት በጀሶ ከቆየ በኋላ ጀሶው ተፈታና እግሩ ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ ቆዳው ተላልጦ መጣልኝ። ከዚህ በኋላ ያለው የቢላዋ ሥራ አይደለም። ድብቁ ዕድሜ ልኩን እግር ሲያዞር የኖረ ነው፤ አሁን ማንሳት አለበት፤ ይህን ደግሞ ማንም አልነገረውም።

ሁለት ጣቴን ጅማቱ ላይ አድርጌ፣ «ውስጥ እግርህን ለማየት እንደምታዞረው አስብ» እለዋለሁ። ያስባል። ግንባሩ ያልበዋል፤ መንጋጋው ይወጠራል፤ የግራ እግሩ ሳይቀር ይንቀሳቀሳል፤ ቀኙ ግን የሌላ ሰው እንደሆነ ዝም። እንዲህ ስንት ቀን ሄደ። በመሀል አወራዋለሁ፤ ከዳሌ ተነስቶ ጭንን አቋርጦ ጉልበት ሥር የሚደርስ፣ ከሁሉ የሚረዝም ጡንቻ እንዳለና በባዕድ መጽሐፍ ስሙ ልብስ ሰፊ እንደሆነ፣ እንደ ድሮ ልብስ ሰፊ እግርን አነባብሮ ለመቀመጥ የሚያገለግለው እሱ ስለሆነ ነው አልኩት። ታደለ ጭኑን ዳበሰና፣ «ለእኔ ብቻ የተሰጠ ጡንቻ እያለ ስለሌላው ታስጨንቂኛለሽ» አለ፤ ወዲያው ደንግጦ «ያስጨንቁኛል» ብሎ አስተካከለ። እኔን ሲስተር እያለ አንቱ ይለኝ ነበር፤ ሲስተር አይደለሁም ብዬ ብነግረውም አይሰማም።

አንድ ጠዋት ጣቴ ሥር የሆነ ነገር ዘለለ። ዓሣ የመንጠቆ ገመድ ሲነካ እንደዚያ ይሆናል ይላሉ። ሁለታችንም እግሩን አየነው። «እንደገና» አልኩት። እንደገና አሰበ። እግሩ በጣት ስፋት ተነሳ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ወረደ። ታደለ አላለቀሰም፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ አቶ ደምሴን በዓይኑ ፈለገ። አቶ ደምሴ ከክፍሉ ጫፍ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ሐሳቡና ድብቁ ተገናኙ» አሉ። ሌላ አላሉም። ከዚያ በኋላ በሁለቱ አግዳሚ እንጨቶች መካከል መራመድ ጀመረ፤ መጀመሪያ አሥር እርምጃ፣ ከዚያ ክፍሉን ዳር እስከ ዳር። አእምሮው ሲዘናጋ እግሩ ይወድቃል፤ ሲያስታውስ ይነሳል። ተረከዙ ቀድሞ መሬት መንካት አለበት፤ እሱን ነበር ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው።

በዚያው ሰሞን መኮንን የሚባል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ረጋ ያለ። ቀለበት ልናስር ሁለት ሳምንት ሲቀረን እሁድ ቀን እኔ፣ እማዬና የመኮንን እናት እትዬ አልታዬ ጨርቅ ልንመርጥ ገበያ ወጣን። ፀሐይዋ ደስ ትላለች። እትዬ አልታዬ ሰማያዊ ቴትሮን በጣታቸው እያሹ ይሸበሸባል አይሸበሸብም ሲከራከሩ፣ «ሲስተር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ታደለ ነው። ከሆስፒታል ፈቃድ ተሰጥቶት ክርና ቁልፍ ሊገዛ መጥቷል። ካኪ ኮት፣ አዲስ የሸራ ጫማ። ከክር ሻጮቹ በኩል በሕዝቡ መሀል ወደ እኔ መጣ፤ ፊቱ በሙሉ ሳቅ ነው፤ ዓይኑ ግን እግሩን አያይም። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እግሩ ተነሳ፤ ተረከዙ ቀድሞ አረፈ። እንደገና ተነሳ፤ ተረከዙ ቀድሞ አረፈ። ያለ እንጨት፣ ያለ እኔ፣ እንደ ማንም ሰው።

«ማነው? ታውቂዋለሽ?» አሉ እትዬ አልታዬ። ዓይናቸው የታጠፉት ጣቶቹ ላይ ነበር።

እማዬ ክንዴን ጨበጠችው። ማን እንደሆነ ማወቋ ከአጨባበጧ ገባኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

ታደለ ሰማ። ሦስት እርምጃ ያህል ቢቀረው ነው። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እሱ ራሱ አወረደው። እናቴን አየ፣ እትዬ አልታዬን አየ፤ ሁሉም ነገር ገባው። «ይቅርታ እመቤት፣ ሌላ ሰው መስለውኝ ነው» ብሎኝ እጅ ነስቶ ዞረ። እትዬ አልታዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ «ዘነበወርቅ እኮ ቅርብ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ገበያ ሲገቡ የሚከለክል እንኳ የለም?» ሲሉ ከኋላው እያየሁት ነበር። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ከዚያ ጧ። የገበያው ጫጫታ ሁሉ ተደምሮ ያን ድምፅ አልሸፈነልኝም። ሰማያዊው ቴትሮን ተገዛ። ምን ያህል እንደተባለ አላስታውስም፤ የዚያን ዘመን ዋጋ ሁሉ በቃሌ የምይዝ ሰው ይህን አላስታውስም።

ሰኞ ታደለ አልመጣም። አቶ ደምሴ፣ «አልሠራም ብሏል። ከላካችሁም ወይንሸትን አትላኩብኝ ብሏል። ምን አደረግሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። የእግር መደገፊያዎቹን መደርደሪያ ላይ ሲያስተካክሉ ቆዩ፤ የተስተካከለውን እንደገና አስተካከሉ። «እኔም አማቶቼ ዘንድ የምሠራበትን ቦታ ሳልናገር አራት ዓመት ኖሬያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ስለሱ ሌላ ቀን እናወራለን። አሁን ግን ጅማቱ ጊዜ አይሰጥም። ይህን ሳምንት ካላንቀሳቀሰው ከዙሪያው ሥጋ ጋር ይጣበቃል፤ ከተጣበቀ በኋላ ሐኪሙም እኔም ምንም አናደርግለትም። ሂጂ።»

አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል። አጠገቡ ቆምኩ። በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«ታደለ፣ በድዬሃለሁ» አልኩት።

«ምንም አልበደሉኝም። ከእናቴ ቤት የለመድኩት ነገር ነው፤ እኔም ብሆን ላደርገው እችላለሁ።» ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ቆይቶ፣ «እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ጥሩ እየሄድኩ ነበር። ከሩቅ ሳይዎት እንዲያዩኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ለሰላምታ አይደለም» አለ።

«አይቼሃለሁ።»

ከግድግዳው አልዞረም።

«ከክር ሻጮቹ ጀምሮ አይቼሃለሁ። አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ተረከዝህ በአሥራ አንዱም ቀድሞ ነው ያረፈው። ስምንተኛው ላይ አንድ ሴትዮ ገፍታህ አለፈች፤ እሱም ላይ አልወደቀም።»

ቀስ ብሎ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «የተገፋሁት ላይም?»

«እሱም ላይ።»

ከዚያ ቀኝ እግሩን ከብርድ ልብሱ አወጣና አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠልኝ። ጣቴን ጅማቱ ላይ አደረግሁ። ከጣቴ ሥር ዘለለ።

ሐሙስ መኮንንን ኬክ ቤት አገኘሁትና፣ «እናትህ ገበያ ያዩትን ሰው አውቀዋለሁ። የምሠራው ዘነበወርቅ ነው፤ እግሩን የማሠራው እኔ ነኝ» አልኩት። ጠረጴዛው ላይ እጄን ይዞት ነበር። ወዲያው አልለቀቀም፤ ይህን ልመስክርለት። ማኪያቶውን ለማማሰል እጁን አነሳና ከዚያ በኋላ አልመለሰውም። «ሌላ ቦታ መዛወር አትችዪም?» አለኝ።

«እችል ይሆናል። አልፈልግም» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ገረመኝ።

ሦስት ቀን አልሞላም፤ ሽማግሌዎቹ ነገሩ ቀርቷል ብለው ላኩ። መኮንን ክፉ ሰው አልነበረም። ኋላ ደግ ሴት አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ እኔም በጊዜዬ ሌላ ሰው አግብቻለሁ። እማዬ ግን «ገደልሽኝ» አለችኝና ከዚያ ወዲያ ለሥራ ካልሆነ ቃል አታወጣም። «ውሃ አለ»፣ «በሩን ዝጊ»፤ በቃ።

ታደለ ከመሄዱ በፊት ሆስፒታሉ ውስጥ ባለው የስፌት ክፍል ተፈተነ። አቶ ደምሴና እኔ በር ላይ ቆመን አየነው። ወንበሩን አስተካከለ፤ ቀኝ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ፤ ለትራስ ጨርቅ የሚሆን ነጭ አቡጀዲ ከመርፌው ሥር አስገባ። ፔዳል መርገጥ ብቻ አይደለም፤ ጫፉን ማንሳትም አለ፤ ካልተነሳ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ክሩ ይበጠሳል። ሁለቴ ተበጠሰ። በሦስተኛው መኪናው መጮህ ጀመረና አልቆመም፤ ጨርቁ በወዲያ በኩል እየፈሰሰ ወለሉ ላይ ተከመረ፤ ታደለ ጎንበስ ብሎ ያን ሁሉ ዘመን የናፈቀውን ድምፅ ይሰማል። አውቶቡስ ተራ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ሊሳፈር ሲል፣ «በርቺ ወይንሸት» አለኝ። አንቺ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ክረምቱ ገባ። እማዬ ከግቢያችን ቁልቁለት አንሸራቷት በጎኗ ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ግን ሳምንታት ተኛች። ስትነሳ በየእርምጃው ሰውነቷ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ከበሩ እስከ ማጀት ስትሄድ አየኋት። ሚዛን ነው። ብትተወው እየባሰባት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

«እማዬ፣ በጎንሽ ተኚ» አልኳት።

«ምን ልታደርጊኝ?»

«ዳሌሽን ልይዘው ነው። በእጄ።»

እጆቼን አየቻቸው። «ታጠቢ» አለች። ታጠብኩ። «ድገሚ» አለች። ደገምኩ። ሦስተኛ ትለኛለች ብዬ ሳፋው አጠገብ ቆሜ ስጠብቅ ቀስ ብላ ዞረችና በጎኗ ተኛች። መዳፌን አሳረፍኩ። ቀሚሷ ሥር ያለው ሥጋ የሳሳ፣ የፈራ ነበር። «አሁን እግርሽን አንሺ፤ ጣትሽ ወደ ፊት ይይ።» አነሳች። ተንቀጠቀጠ። በየቀኑ እንዲህ አደረግን፤ መጀመሪያ ዝም ብለን፣ ኋላ እሷ እየቆጠረች፣ ከዚያ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤት እያወራን።

አንድ ቀን ከታደለ ደብዳቤ መጣልኝ። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ በጎኗ ተኝታ እግሯን እያነሳች አነበብኩላት። የገበያ ቀን ነው የደረስኩት ይላል። ከአውቶቡሱ እስከ እናቴ ቤት በእግሬ ሄድኩ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም፤ እኔም ሰው ሳያየኝ ማለፍ ምን ያህል ደስ እንደሚል ረስቼው ኖሯል። እናቴ በር ላይ ነበረች። መጀመሪያ ያየችው እግሬን ነው፤ ከዚያ ነው ፊቴን ያየችው። መኪናዬን አውጥቼ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም አልመጣም። ትናንት አንዲት ሴት የልጇን ቁምጣ ልታስጠግን መጣች። ጥሩ አድርጌ ጠገንኩላት። ይኸው ነው።

እማዬ እግሯን እንዳነሳች ቆይታለች፤ ማውረዱን ረስታው ነው። «እናቱ እግሩን ያየችበትን ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለቴ ጽፎልኛል፤ ቀጥሎ ያ መንገድ የሚዘጋበት፣ ደብዳቤ የማይመጣበት ዘመን መጣ፤ የት እንደደረሰ አላውቅም። በሕይወት ካለ ሰማንያ ተጠግቷል።

መስከረም ጠብቶ ግቢው ሲደርቅ እማዬ ያለ ምርኩዝ እስከ አጥሩ ሄደች። እኔ ውስጥ ሆኜ በመስኮት አያታለሁ፤ ወገቧ አልወደቀም። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ልብስ ያሰጣሉ።

«ውይ፣ እሰይ! ቀጥ ብለሽ ሄድሽ እኮ!» አሉ። «የትኛውን ወጌሻ አስመጣሽ?»

«ወጌሻ አላስመጣሁም። ልጄ ናት።»

«ወይንሸት? ይህን ደግሞ የት ተማረችው?»

እማዬ የአጥሩን እንጨት ያዘች። ከኋላዋ ስለነበርኩ ፊቷ አይታየኝም።

«ዘነበወርቅ» አለች። «የምትሠራው ዘነበወርቅ ነው።»

እትዬ ዘርፌ እጃቸው ላይ ያለውን እርጥብ አንሶላ እንደያዙ ቀሩ። በደንብ ሰምተዋል፤ ግን «እ?» አሉ።

እማዬ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ከእትዬ ዘርፌ አልፎ እስከ ሦስተኛው ግቢ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ዘነበወርቅ አልኩሽ!»